ስለ ቤት ማሞቂያ ውሃ ማነስና አማቼ ስላስተማረኝ ነገር



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት የተጻፈ ብዙ መልካም ምክር አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለች አንዲት የብረት መኪና ነው። ነገሩ ለዚህ ገጽ የማይገባ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ልጁ ወይም እኅቱ በብርድ አገር የምትኖርና ልጠይቃት ብሎ የሚሄድ ሰው ዛሬ በመካከላችን ጥቂት ስላይደለ፥ ለአንዳንዱ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስቤአለሁ። ከዚህም በቀር መኪናዪቱ ስለ ራሴ ያስታወቀችኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳልሸሽግ መናገር እወዳለሁ።

ታናሽ እኅቴ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ትኖራለች። በ2015 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሴት ልጅ ስለ ወለደች፥ እናታችን አራሲቱን ለመጠየቅ ተነሡ፤ እኔም ከምጽፍበት ፍርድ ቤት የዓመት ዕረፍቴን ተቀብዬ ደጋፊያቸው ሆኜ ተከተልኋቸው።

የእኅቴ ባል የማሞቂያና የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፥ አባታችን ዐርፈው ስለ ነበር መልስ የምሰጠው እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ፥ «ይህን ያህል የተማረች ልጅ ለቧንቧ ሠራተኛ አልሰጥም» ብዬ ሽማግሎቹን መለስኋቸው። እኅቴ ግን ልቧ ቈርጦ ስለ ነበር እናታችን መርቀው ዳሯት፤ እኔም በሠርጉ ቀን እንደ እንግዳ ተቀምጬ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ አማቼ በየበዓሉ በቴሌፎን እንኳን አደረሰዎ ማለትን አንድ ዓመት እንኳ አላጓደለም። እኔም ሁልጊዜ በሁለት ቃል እመልስለት ነበር።

ጥር 10 ቀን፥ የከተራ ዕለት ማታ፥ ውጭው ውርጭ ነበር። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ለአማቼ ቴሌፎን መጣለት፤ ማሞቂያቸው የተበላሸባቸው ሁለት ሽማግሎች ባልና ሚስት በብርድ ተቀምጠዋልና ድረስልን የሚል ነበር። ዕቃውን በመኪናው ጭኖ፥ እናታችንን አስፈቅዶ ሄደ። እኛም ስለ አገራችን ከተራ ስንጨዋወት ቈየን። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ፥ ውሃው ሲከተር፥ ሕዝቡ በየድንኳኑ ሲያድር እያስታወስን ሳለን፥ እናታችን ነጠላቸውን ደርበው «ልጆች፥ ይህ ቤት ቀዘቀዘ» አሉ። እጄን በግድግዳው ሥር በቆመው ብረት ላይ ባኖር እንደ ድንጋይ በርዷል። በማድ ቤት የተሰቀለችው መኪናም አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገች ዝም ብላለች።

ለማያውቀው አንባቢ የመኪናዪቱን ሥራ ባጭሩ ልግለጽ። መኪናዪቱ በጋዝ እሳት ውሃ ታሞቃለች፤ ሙቁን ውሃ አንድ ፓምፕ በቧንቧ እየገፋ ራዲያተር ወደሚባሉት በየክፍሉ ወደ ቆሙት ብረቶች ይሰደዋል፤ ውሃውም ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ሲበርድ፥ እንደ ገና ለመሞቅ ይመለሳል። ይህ ውሃ ለመጠጥ የሚቀዳ አይደለም፤ በተዘጋ መንገድ ውስጥ ዘወትር የሚመላለስ ያው አንድ ውሃ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሞልቶ በመጠኑ ተጭኖ መኖር አለበት። ግፊቱ ሲያንስ ውሃው በደኅና አይዞርም፤ መኪናዪቱም ውሃ ሳይኖር እሳት አንድዳ ራሷን እንዳታቃጥል ሥራዋን ታቆማለች። የብዙዎቹ መኪኖች ልማድ ግፊቱ ከ0.5 ባር ገደማ በታች ሲወርድ መዝጋት ነው። ባር የግፊት መስፈሪያ ነው፤ አንድ ባር ማለትም 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ከበታቹ ያለውን የሚጫነውን ያህል ነው።

እኔ ግን በዚያች ሌሊት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር።

እናታችን ለቡናና ለዕጣን የተቀመጠችውን ትንሽ የከሰል ምድጃ ፈልገው አወጡና «ከሰል አቀጣጥለን በአራሲቱ ክፍል እናግባ፤ ሕፃኒቱ በብርድ ልታልቅብን ነው» አሉ። በዚህ ነገር ብቻ ፈጥኜ አልሁ፤ «እማዬ፥ ይህስ አይሆንም» ብዬ ምድጃውን ከእጃቸው ተቀበልሁ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይሰጣል፤ ሽታ የለውም፥ መልክ የለውም፥ የተኛውንም ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በአገራችንም በክረምት ከሰል ቤት አግብተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች ነገር የማያውቅ የለም። እናታችንም አዝነው «እንግዲያስ አንተ የተማርኸው አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ። እኅቴ ሕፃኒቱን በደረቷ አስጠግታ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀመጠች። በቤቱም ሌላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አልነበረም።

የመኪናዪቱን መምሪያ መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። በልጅነቴ በየኔታ ፊት ፊደልና ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ስለዚህ የመጽሐፉ ቃል አልከበደኝም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ሌላ፥ ትርጓሜ ሌላ መሆኑን የተማረ ሁሉ ያውቃል። እኔም ንባቡን እያነበነብሁ ትርጓሜው ጠፋኝ። መጽሐፉ መሙያውን ክፈት ይላል፤ መሙያው ከብዙዎቹ ቧንቧዎች የትኛው እንደ ሆነ ግን ዓይኔ አልለየውም። እኅቴ «ጋሼ፥ ለምን በቴሌፎን አንጠይቀውም?» አለችኝ። «ሰውዬው በሥራ ላይ ነው፤ አናስቸግረው» አልኋት። እውነቱ ግን ይህ አልነበረም። እርሱን መጠየቅ አፍሬ ነበር።

እንዲህ እያልሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። በመካከሉ ሕፃኒቱ አለቀሰች፤ እናቷ እጇን ብትዳስሳት ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ያን ጊዜ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአባቶች ተረት ትዝ አለኝ፤ በእኔ ዝምታ የሚቀረው ግን ሹመት ሳይሆን የሕፃን ጤና ነበር። ቴሌፎኑን አንሥቼ ደወልሁ።

«ጋሼ፥ እንደምን አመሹ? ሕፃኒቱ ደኅና ናት?» አለኝ።

«ደኅና ናት፤ ግን ቤቱ ቀዘቀዘ። መኪናዋ እንቢ አለች» አልሁት።

«አይዞዎ። ከፊቷ ሰዓት የሚመስል ክብ መለኪያ አለ፤ መርፌዋ በየትኛው ቍጥር ላይ ናት?»

«ከ1 በታች ወርዳ ወደ 0 ተጠግታለች።»

«ከመኪናዋ ሥር ወይም በወለሉ ላይ የፈሰሰ ውሃ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ዛሬ ከራዲያተሮቹ አየር ያስወጣ ሰው አለ?»

እኅቴን ብጠይቃት፥ የላይኛው ክፍል ብረት ራሱ እየቀዘቀዘ ስላስቸገራት ከቀትር በኋላ በትንሿ ቍልፍ ከፍታ አየሩን እንዳስወጣች ተናገረች። አማቼም «እንግዲህ ነገሩ ተገኘ፤ አየሩ ሲወጣ በምትኩ ውሃ አልተጨመረም፤ ስለዚህ ግፊቱ ወረደ» አለ። ብዙ ዓመት የምስክር ቃል በመጻፍ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ በጥቂት ጥያቄ ወደ እውነቱ የሚደርስ ሰው ግን ጥቂት ነው ያየሁት። መኪናዪቱን አልኰነነም፥ እኅቴንም አልነቀፈም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በየተራው ነገረኝ። አስቀድሜ መኪናዪቱን በማጥፊያዋ አጠፋሁ፤ ውሃው የሚጨመረው ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፥ ያን ጊዜ የመለኪያው ቃል እውነተኛ ይሆናልና። ቀጥዬ ከመኪናዪቱ ሥር በብር መልክ የተጎነጎነችውን አጭር ቱቦ አገኘሁ፤ በአንድ ወገን ከቀዝቃዛው የቧንቧ ውሃ፥ በሁለተኛው ወገን ከማሞቂያው መንገድ ጋራ የምታገናኝ ናት፤ በሁለቱም ወገን መዝጊያ አላት። የቱቦዋ ሁለት ጫፎች ጠብቀው መታሠራቸውን በእጄ መረመርሁ። «አንደኛውን መዝጊያ ፈጽመው ይክፈቱ፤ ሁለተኛውን ግን ቀስ ብለው፥ ዓይንዎን ከመርፌዋ ሳይነቅሉ። ከ1 አልፋ 1.5 ሳትደርስ ይዝጉ» አለኝ።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ለልጆች የምንመክር እኛ፥ በራሳችን ጊዜ እንረሳዋለን። ሁለተኛውን መዝጊያ በአንድ ጊዜ አዞርሁት። ውሃው ሽው እያለ ገባ፤ መርፌዋም 1ን አልፋ፥ 2ን አልፋ ወደ ቀዩ ምልክት ሮጠች። «2.5 አልፋለች!» ብዬ ጮኽሁ። እርሱ ግን ድምፁን ሳይለውጥ «ሁለቱንም ይዝጉ» አለ። ዘጋሁ። «ምንም አይደለም። ግፊቱ 3 ባር ቢደርስ ውሃውን በራሱ ወደ ውጭ የሚያፈስ የደኅንነት መክፈቻ አለ። አሁን ያቺን ትንሽ ቍልፍና አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ይዘው ወደ ራዲያተሩ ይሂዱና ጥቂት ውሃ ያውጡ» አለኝ። ሳሕኑን ከሥር አድርጌ ቍልፉን ጥቂት ባዞር፥ የወጣው ውሃ እንደ ቀለም የጠቈረ ነበር። እኅቴ በማድ ቤት መርፌዋን እየተመለከተች ቍጥሩን ጠራችልኝ፤ 1.3 ስትል ዘጋሁ።

«አሁን ቱቦዋን ከአንዱ ጫፍ ይፍቷትና ክዳኑን ይግጠሙበት» አለኝ። ስለ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «አሁን የጠቈረውን ውሃ አይተዋል፤ ያ ውሃ ወደ መጠጡ ውሃ እንዳይመለስ ነው» አለ። የማይመልስ በር በቱቦዋ ውስጥ ቢኖርም እንኳ፥ በእንግሊዝ አገር በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የውሃ ደንብ ለዚህ ጥንቃቄ ያስገድዳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለችው ቱቦ ከተሞላ በኋላ ተፈትታ እንድትቀመጥ ነው። እኔም የሕግ ጸሓፊ እንደ መሆኔ፥ ሕጉ በአንዲት ክንድ በማትሞላ ቱቦ ላይ እንኳ ስለ ጎረቤት ጤና ማሰቡን አደነቅሁ።

መኪናዪቱን አብርቼ የመነሻዋን ቍልፍ ብጫን፥ በውስጧ እሳቱ ፍፍፍ ብሎ ተያያዘ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቧንቧዎቹ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመሩ፤ ብረቱም ለዘብ አለ፥ ሞቀም። እናታችን እጃቸውን በላዩ አኑረው «ተመስገን» አሉ። መርፌዋም ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ወደ 2 ገደማ ወጣች፤ እንደ ገና የበዛ መስሎኝ ብደነግጥ፥ አማቼ ይህ ደኅና መሆኑን አስረዳኝ። ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ይሰፋል፤ 100 ሊትር የነበረው 103 ሊትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ትርፍ የሚቀበል፥ በመካከሉ የላስቲክ ግድግዳ ያለው፥ በአንድ ወገን አየር የተሞላ ዕቃ ከመኪናዪቱ ጋራ አለ። አየሩ ከዚያ ዕቃ የጠፋ እንደ ሆነ፥ መርፌዋ ሲሞቅ ወደ 3 ትወጣለች፥ ሲበርድም ወደ 0 ትወርዳለች፤ ያን ጊዜ መድኀኒቱ ባለሙያ መጥራት እንጂ ውሃ መጨመር አይደለም።

ሊነጋ ሲል አማቼ ተመለሰ። እጆቹ በብርድ ቀልተዋል፥ በጥፍሮቹም ሥር የብረት ዝገት ነበር። የሁለቱን ሽማግሎች ቤት አሙቆላቸው መምጣቱ ነው። ገና ሳይቀመጥ እናታችንን ጕልበት ስሞ፥ ሕፃኒቱን አየና በእጁ ባትሪ ይዞ ከራዲያተሮቹ ሥር እየተንበረከከ መረመረ። በመኝታ ቤቱ ካለው ብረት ሥር፥ ከመዝጊያው አጠገብ፥ አረንጓዴና ነጭ ዝገት የያዘ ቦታ አገኘ፤ ውሃው በጠብታ እየወጣ በሙቀቱ ስለሚደርቅ በወለሉ ላይ አይታይም ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካየሁት ቈይቷል፥ ዛሬ ነገ እያልሁ ለሰው ቤት ስሮጥ የራሴን ተውሁት» አለ። በዚያው ጠዋት አጠበቀው።

እኔም በእናታችን ፊት ጠራሁትና «ስምንት ዓመት ያህል የበደልሁህ ነገር አለ» አልሁት። ሊያቋርጠኝ ፈለገ፤ ግን «ልጨርስ» አልሁ። ሽማግሎቹን የመለስሁበትን ቃል በራሴ አፍ ደግሜ ነገርሁት፤ እርሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀው ኖሯል። «ጋሼ፥ እኔም ልጅ ወለድሁ፤ ወንድም ለእኅቱ ሲሣሣ ምን እንደሚል አሁን ይገባኛል። ደግሞ ትናንት ማታ ደወሉልኝ፤ ይህ ይበቃኛል» አለኝ። እናታችን ሁለታችንንም መረቁን፤ እኅቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አለቀሰች። ይህን ያህል ጊዜ በመካከላችን ቆማ ምን ያህል እንደ ተጨነቀች ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓመተ ምሕረት አዋጅ ማስነገራቸውን እኔ አላውቅም ልል አልችልም፤ በፍርድ ቤት ስኖር ብዙ ጊዜ ስለ እርሱ ተናግሬአለሁ። በሌላው ላይ የምጠቅሰውን ሕግ ግን በገዛ ቤቴ ስተላለፈው ኖርሁ። ፊደል የቈጠርን ሰዎች በመጽሐፍና በወንበር እንመካለን፤ ሌሊት ሕፃን ሲበርዳት ግን ወንበራችን አላሞቃትም።

አሁን፥ ለተነሣሁበት ጉዳይ፥ በብርድ አገር ላለ ቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ባጭሩ ላስታውስ። አንደኛ፥ መኪናዪቱ በርዳ ሳለ መርፌዋ በ1ና በ1.5 መካከል መሆኗን በየወሩ መመልከት ነው፤ ከራዲያተር አየር ካወጡም በኋላ እንዲሁ። ሁለተኛ፥ ውሃ ሲጨምሩ ቀስ ብሎ መክፈት፥ ሁለቱንም መዝጊያ መዝጋት፥ የምትፈታ ቱቦ ከሆነች መፍታት ነው፤ የመኪናው ዓይነት ልዩ ልዩ ስለ ሆነ የራሷን መምሪያ መከተል ይገባል። ሦስተኛ፥ መርፌዋ በጥቂት ቀን እየወረደች የምታስቸግር ብትሆን፥ ውሃ እየጨመሩ መኖር በሽታውን ትቶ ሕመሙን ማስታገሥ ነው፤ አዲስ ውሃ ሁሉ አዲስ አየር ይዞ ይገባልና ብረቱን ያዝገዋል፥ ጭቃውም ቧንቧውን ይዘጋል። አራተኛ፥ የመኪናዪቱን ክዳን ከፍቶ ጋዙን መንካት ለማናችንም አልተፈቀደም፤ በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ ከ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ የተጻፈ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። አምስተኛ፥ ብርዱ ቢበረታ እንኳ ከሰል ወደ ቤት አይግባ።

ስድስተኛውን ለራሴ ነው የምጽፈው። የማያውቁትን ነገር የሚያውቅ ሰው በቤተ ሰብ ውስጥ ካለ፥ ሕፃን እስክታለቅስ ሳይቈዩ መጠየቅ ነው። ዘንድሮ በበዓል ቀን አማቼ ሳይደውል እኔ ቀድሜ ደወልሁለት። እንኳን አደረሰህ ካልሁት በኋላ መርፌዋ በየት እንዳለች ጠየቅሁት፤ እርሱም ስቆ «1.3 ላይ ናት፥ ጋሼ፤ እርስዎ እንደ ተዋት» አለኝ።